ግመሉ ቢለወጥ

  

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የቤትና የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። የዛሬው ወሬያችን ወደ ሰማይ ቢወስደንም ከቤታችን ብዙ አያርቀንም። እኛ በምንኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ወደ ቦሌ የሚወርደው፣ ከቦሌ የሚነሳው በሰማያችን ያልፋል። አንዳንዴ ድምፁ የጀመርነውን ትምህርት ያቋርጠናል፤ ተማሪዎቻችንም ደብተራቸውን ትተው አንገታቸውን ወደ መስኮት ያሰግጋሉ። «ይሄ ሰቨን ኤይቲ ሰቨን ነው»፣ «አይደለም፣ ኤርባስ ነው» እየተባባሉ ሲከራከሩ ተቆጥተን ዝም እናሰኛቸዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ከዚሁ ከክፍለ ከተማችን ሳንወጣ «አሮጌው ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር አለ። ወጣቶች ስሙን ይጠሩታል እንጂ ብዙዎቹ ከየት እንደመጣ ጠይቀው አያውቁም። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ አቅጣጫ የሚገኘው የልደታ ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት ወር 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመው ዳግላስ ሲ-47 የሚባለውን ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ ግን የልደታው መንደርደሪያ አጠራቸው። ማስረዘምም አልተቻለም፤ ስለዚህ ለጄቶቹ ሲባል ቦሌ ተሠራ። እንግዲህ አውሮፕላን በመለወጡ አንድ ከተማ ማረፊያውን ለውጦ፣ ለሰፈሩም «አሮጌ» የሚል ስም ተረፈው ማለት ነው።

አውሮፕላን ሲለወጥ ከተማን እንዲህ የሚያናውጥ ከሆነ አንዲት እናትንስ እንዴት ያደርጋታል? ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ይህንን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በሻዕባን ወር እናታችን ለዑምራ ተነሳች። ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ስኳርም ስላለባት በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ትወጋለች። ፊደል አልቆጠረችም። መርፌውን የምትወጋት ታናሽ እኅታችን ናት። እናታችን ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በቡድን ቀድማ ተመዘገበች፤ እኅታችን ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ እስክታገኝ ሁለት ሳምንት ቆይታ በኋላ ተጨመረች። ትኬት የቆረጠልን የጉዞ ወኪል «አይዟችሁ፣ ጎን ለጎን ነው ያስቀመጥኳቸው» ብሎ የወንበሩን ቁጥር በወረቀት ላይ አሳየን። እኛም አመስግነን ወጣን።

የጉዞው ዕለት ሱብሕን ላፍቶ ካለው ቤታችን ሰግደን ቦሌ አደረስናቸው። እናታችን ከሁላችንም ጋር ዓውፍ ተባብላ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራች «ዱዓ አደርግላቸዋለሁ በሉልኝ» ብላ ገባች። እኛም ወደ ቤት ተመለስን።

ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ስልክ ጮኸ። እኅታችን ናት።

«አውሮፕላኑ ተቀይሯል። በታላቁ ፋንታ ትንሽ ነው ያመጡት። ለእማዬ የወንበር ቁጥር ሰጥተዋታል፣ ለእኔ ግን የለም። ‹እናትሽ ይሂዱ፣ አንቺ ነገ ትሳፈሪያለሽ› ይሉኛል። ምን ላድርግ ጋሼ?»

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት አንደብቅም። ያልናት እንዲህ ነው፦ «እንግዲያው ትሂድ፤ ከሰፈር ሰዎች ጋር አይደለች? የሆቴሉም ገንዘብ ተከፍሏል፣ እንዳይበላሽ።»

እኅታችን ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «መርፌዋንስ ማን ይወጋታል?» አለችን።

የምንመልሰው አጣን። ትኬቱንና ሆቴሉን አስበን እናታችንን ረስተን ነበር። ዛሬም ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

የሆነው ሆኖ፣ አላህ ሰበብ አደረገ። ሰልፉ ላይ ከፊታቸው የቆመ አንድ ወጣት ጭቅጭቁን ሰምቶ ዞር አለና «እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ነገ ብደርስም የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ወንበሬን ለእኅታችን ስጡልኝ» አለ። ሠራተኛዋ ለአፍታ ግራ ተጋብታ፣ አለቃዋን ጠይቃ መጣችና ስሙን ሰርዛ የእኅታችንን ስም አስገባች። እናታችን «ልጄ፣ ስምህ ማነው? ሐረም ላይ ልጥራህ» ብትለው «እማማ፣ እርስዎ ‹ያ ልጅ› ካሉ አላህ ያውቀዋል» ብሎ ሻንጣውን እየጎተተ ተመለሰ። እናታችን እስከ ዛሬ ከሶላት በኋላ «ያ ልጅ» ትላለች። ማን እንደሆነ አላወቅንም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ወኪሉ ሄድን። አየር መንገዱ «አውሮፕላን ለውጠናል» የሚል መልእክት ዋዜማውን ማታ ልኮ ኖሯል። የላከው ግን ትኬቱ ላይ ወደተመዘገበው ስልክ ነው፤ የተመዘገበው ደግሞ የእናታችንም የእኅታችንም ሳይሆን የወኪሉ ስልክ ነው! እርሱም ሌሊት ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ስለዚህ አየር መንገዱ «ነግሬያለሁ» ይላል፤ ወኪሉ «አላየሁም» ይላል፤ መንገደኞቹ «አልሰማንም» ይላሉ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ መሐል ላይ የቀረችው ግን ያቺ አሮጊት ናት።

አንዱን የቸገረን ነገር ደግሞ ኋላ ነው የተረዳነው። እናትና ልጅ መሆናቸውን እኛ እናውቃለን እንጂ ኮምፒዩተሩ አያውቅም። በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ የማስያዣ ቁጥር ስለተመዘገቡ ለእርሱ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አውሮፕላኑ ተለውጦ ወንበሩ እንደገና ሲደለደል ለአንዷ ደረሳት፣ ለሌላዋ ሳይደርሳት ቀረ።

ለመሆኑ አውሮፕላን ለምን ይለወጣል? ብዙ ሰው «ትርፍ ፈልገው ነው» ብሎ ይደመድማል። አንዳንዴ ተሳፋሪ ሲያንስ ትንሹን አውሮፕላን ማምጣታቸው አይካድም። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሊነሳ የተዘጋጀው አውሮፕላን ላይ በፍተሻ ጉድለት ይገኛል፤ ወይም በሌላ አገር በአየር ጠባይ ምክንያት ዘግይቶ በሰዓቱ አይደርስም። ያን ጊዜ ባዶ የተገኘው ይመጣል። የተገኘው ደግሞ ወንበሩም፣ ጉልበቱም እንደ መጀመሪያው ላይሆን ይችላል። ቦይንግ 787-8 ወደ 270 ሰው ሲይዝ 787-9 ከ300 በላይ ይይዛል፤ በአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ቦይንግ 737 ከ150 በላይ ሲጭን ኪው-400 የሚባለው ባለፕሮፔለር የሚጭነው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን በቆላ የሚያነሳውን ያህል ክብደት ይዞ አይነሳም። ሰው ተሳፍሮ ሻንጣው «ነገ ይመጣል» የሚባልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለደኅንነት ሲባል አውሮፕላን መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አገራችን ከማንም በላይ ታውቃለች። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር አስገባ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2005 ዓ.ም.፣ በሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች ባትሪ ላይ በደረሰው ችግር ምክንያት ድሪምላይነሮች በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ። የእኛዎቹም ቆሙ፤ መንገደኛውም በሌሎች አውሮፕላኖች ተጓጓዘ። ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዓለም አየር መንገዶች ቀድሞ ድሪምላይነርን ወደ ሥራ የመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን በረራውም ወደ ናይሮቢ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ልብ የሚሰብር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ ነበር። ያን ጊዜ ዓለም ማክስን አቆመ፤ አየር መንገዳችንም ወደ በረራ የመለሰው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት በየአገሩ ስንት ሺህ መንገደኛ «አውሮፕላንህ ተለውጧል» ተብሎ ይሆን! ስንቱስ ወንበሩ ስለተለወጠ አጉረምርሞ ይሆን! እንግዲህ አውሮፕላን ተለወጠ ሲባል መጀመሪያ ልናስበው የሚገባን ይህንን ነው። ጉድለት የተገኘበትን አውሮፕላን አቁሞ ሌላ ያመጣ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። ቅሬታችን በመለወጡ ላይ አይደለም።

ታዲያ ቅሬታችን በምን ላይ ነው? ለዚህ መልስ ያገኘነው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይሆን በልጅነታችን ከተማርንበት መድረሳ ነው።

ሸኻችን የፊቅሁን ኪታብ ሲያቀሩን የኢጃራ ባብ ላይ ደረስን፤ የኪራይ ምዕራፍ ማለት ነው። ስለ ግመል ኪራይ ሲዘረዝር እኛ የከተማ ልጆች ሳቅ ያዘን፤ «ግመል የት አለና?» እያልን። ሸኻችን አልተቆጡም። «ግመሉን ተዉት፤ ውሉን ያዙት» አሉን። ያን ጊዜ አልገባንም ነበር።

በሻፊዒይ መዝሀብ የከብት ኪራይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህችን ግመል አከራየሁህ» ተብሎ አንዷ ተለይታ የምትከራይበት ነው። ያቺ ግመል መንገድ ላይ ብትሞት የቀረው ውል ይፈርሳል፤ ባለቤቱ ሌላ የማምጣት ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው «እንዲህ ባለች ግመል እዚህ ቦታ አደርስሃለሁ» ተብሎ በዚማ፣ ማለትም በኃላፊነት የሚገባበት ነው። በዚህኛው ግመሏ ብትታመም ወይም ብትሞት ውሉ አይፈርስም፤ ባለግመሉ ሌላ ግመል የማምጣት ግዴታ አለበት። መንገደኛውም «ያችኑ ካልሆነ» ሊል አይችልም። መድረሱ እንጂ ግመሏ አልተሸጠችለትምና።

የዛሬው የአውሮፕላን ትኬት ቁርጥ ይህንን ሁለተኛውን አይመስልም? አየር መንገዶች በጉዞ ውላቸው ላይ አውሮፕላን መለወጥ እንደሚችሉ፣ የተመረጠውም ወንበር ዋስትና እንደሌለው ይጽፋሉ። አንብበን አናውቅም እንጂ ተጽፏል። እንግዲያው ለመለወጡ መብት አላቸው።

ነገር ግን ኪታቡ እዚያ ላይ አያቆምም። ውድ አንባብያን ልብ በሉልን! በኃላፊነት ያከራየ ሰው ከግመሉ ጋር አብሮ መውጣት፣ መንገደኛውንም እንደ አቅሙ ሲወጣና ሲወርድ ማገዝ አለበት። ጠንካራው ግመሉ ቆሞ ሳለ ሊወጣ ይችላል፤ ለሴትና ለደካማ ግን ግመሉን ያንበረክካል። ይህ የባለግመሉ ግዴታ እንጂ ቸርነቱ አይደለም። ግመሉ ቢለወጥም ማንበርከኩ አይቀርም።

ፈትዋ እየሰጠን አይደለም፤ ለዚያ ባለቤቶች አሉት። የአየር መንገዶችም ውል በአገር ሕግ ይዳኛል። ግን የዛሬዎቹ ሕግ አውጪዎች ከብዙ ምዕተ ዓመት በኋላ የደረሱበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአውሮፓም በአሜሪካም ሕግ ወንበር ሲያንስ አየር መንገዱ ሰውን ያለ ፈቃዱ ከማስቀረቱ በፊት «በፈቃዱ የሚቀር አለ ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። እስቲ ያንን ወጣት አስታውሱት! እርሱ ሳይጠየቅ ያደረገውን ነው ሕጉ ጠይቁ የሚለው። በዚያች ጠዋት አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠይቆ ቢሆን እኅታችን ባላለቀሰች ነበር።

በካሳው ላይ ግን አገሮቹ ይለያያሉ። በአሜሪካ፣ አውሮፕላኑ በሥራ ወይም በደኅንነት ምክንያት በትንሽ ተለውጦ ሰው ቢቀር አየር መንገዱ ካሳ እንዲከፍል አይገደድም። በአውሮፓ ግን ይህ ዓይነቱ ምክንያት ከካሳ አያድንም። የአውሮፓው ደንብ ከአውሮፓ የሚነሳን ማንኛውንም በረራ የሚመለከት በመሆኑ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ወደ አገር ቤት ሲመጡም ይጠቅማቸዋል። ከከፈሉበት ማዕረግ ዝቅ ተደርገው ከተቀመጡም እንደ ርቀቱ የትኬቱን 30፣ 50 ወይም 75 በመቶ ይመለስላቸዋል። ሳዑዲ ዐረቢያም እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ የመንገደኞች መብት ደንብ ሥራ ላይ አውላለች፤ ወንበር ለተነፈገና ማዕረጉ ዝቅ ለተደረገ መንገደኛ ካሳ ይሰጣል። አገራችንም አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ፣ አየር መንገዱ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ በቀር፣ በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቦች፣ በተለይም ወላጆቻቸውን ለሐጅና ለዑምራ ለሚልኩ፣ ከደረሰብን የተማርነውን ብናካፍል መልካም ነው።

አንደኛ፣ አብረው የሚጓዙ ሰዎች በአንድ የማስያዣ ቁጥር ይመዝገቡ። በተለያየ ጊዜ ከተመዘገቡም አብረው እንደሚሄዱ ፋይላቸው ላይ እንዲጻፍ ወኪሉን ጠይቁት። «አስቀምጫቸዋለሁ» በሚል ቃል ብቻ አትመለሱ።

ሁለተኛ፣ ትኬቱ ላይ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የመንገደኛው ወይም ንቁ የሆነ የቤተሰብ አባል ስልክ ይሁን። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ እኛን ግን ያስለቀሰችን እርሷ ናት።

ሦስተኛ፣ ዋዜማውን ደውላችሁ ወይም በስልካችሁ ገብታችሁ ወንበሩን እንደገና እዩት። ተለውጦ ካገኛችሁት ማታውኑ መናገር ጠዋት በር ላይ ከመለመን ይቀላል።

አራተኛ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው ሰው ካለ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይነገር።

አምስተኛ፣ መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይሂድ፤ ኢንሱሊን ደግሞ ቅዝቃዜው ሊያበላሸው ይችላል። መድኃኒቱም ያለው በባለቤቱ እጅ ይሁን። እናታችን መርፌዋ በልጇ ቦርሳ ነበር፤ ብቻዋን ብትሄድ ኖሮ መርፌ ወጊዋን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ታጣ ነበር።

ስድስተኛ፣ ልጆች ሆይ! ወላጆቻችሁን መርፌ መውጋት፣ ስልክ ማንሳት፣ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» ብሎ መናገር አስተምሯቸው። እኛ አስተማሪዎች ነን ባዮቹ የሰው ልጅ ስናስተምር እናታችንን አላስተማርናትም ነበር። ከተመለሰች በኋላ እኅታችን በየማታው አስቀምጣ አለማመደቻት። አሁን ራሷ ትወጋለች፤ «ይቺማ ምኗ ከበደ!» ትለናለች።

በመሳፈሪያው በር ላይ ለሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም አንድ ቃል አለን። አውሮፕላኑን የለወጣችሁት እናንተ እንዳልሆናችሁ እናውቃለን፤ የመንገደኛው ቁጣ ግን በእናንተ ላይ ይወርዳል። ቢሆንም «አውሮፕላናችን ጉድለት ተገኝቶበት ተለውጧል፣ ወንበር ይጎድለናል፣ አቅመ ደካማ ያለበት ቤተሰብ ቀርቦ ይንገረን» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ሕዝባችን እውነት ሲነገረው ታጋሽ ነው። የሚያበሳጨው ዝምታው ነው።

እኛም መንገደኞች ያ ወጣት ያሳየንን አንርሳ። ብቻችንን ስንሆን፣ ጤነኛ ስንሆን፣ ብንዘገይ የሚጎዳ ሰው ከሌለን፣ ከኋላችን የቆመውን ዞር ብለን እንይ። ባለግመሉ ግመሉን ሳያንበረክክ በቀረበት ጠዋት ያንበረከከው እርሱ ነው።

በዚህ ሳምንት አውሮፕላን ሲያልፍ ተማሪዎቻችን እንደልማዳቸው ወደ መስኮት ዞሩ። አልተቆጣናቸውም። «ዓይነቱን ነገራችሁን፤ ውስጡ ያለውን ሰውስ ማን ያውቃል?» አልናቸው። አንዱ ከኋላ «የማን እናት ትሆን?» አለ። የዚያን ቀን ትምህርት በዚሁ ተፈጸመ።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፤ ያንንም ልጅ ባለበት ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።